የዝግባ ባሕር ዙር

ጥር 13 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ አንኮበር

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኛ ልክ ልጽፍበት ነበር። የአንኮበርን ሰው ልክ ግን በዓይኔ ስለማውቀው ባዶውን ከረመ። ባዶ ወረቀት እንደ ባዶ ሆድ ነው፤ አያስተኛም። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም፤ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ጋዜጣ ላይ እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። ስሕተት ያገኘ ጋዜጣውን ይውቀስ።

ዛሬ ሱቄን ሳልከፍት የእህቴ ልጅ ብርሃነ መስቀል በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ እንደ ባሕር ዛፍ ወደ ላይ ብቻ ነው ያደገው።

«ጋሼ፣ ቁምጣ ስፋልኝ።»

«ሱሪህ ምን በደለህ?»

«ልሮጥበት ነው። አባቴ እንዳይሰማ ብቻ።»

ከፋሲካ በኋላ ጦር ሠራዊት ደብረ ብርሃን ላይ ወጣት ሊመለምል ነው፤ ሮጦ የቀደመ ይወሰዳል አሉ። ያ ወታደር ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ የአገሩ ጎረምሳ ሁሉ ጫማውን እየጣለ ነው። ጫማ ያለው ማለቴ ነው። አባቱ ቄስ ገብረአብ ግን ልጁ ዲያቆን ነውና ወንበሬን ይወርሳል ብለው ነው የሚጠብቁት።

ከፉርኖ ዱቄት ከረጢት ሰፋሁለት። «አንደኛ ደረጃ» የሚለውን ቀይ ማኅተም ሆን ብዬ መቀመጫው ላይ አዋልኩት። ከኋላ የቀረ ሁሉ እያነበበ ይከተለው።

ወደ ማታ እናቱ እታለም ዘርፈሽዋል ቀሚሷን ይዛ መጣች። ታላቄ ናት፤ እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

«ኃይሌ፣ ብብቴ ሥር ያዘኝ። ትንሽ ልቀቅልኝ።»

«የገናው ዶሮ ነው!»

«ግራውን ብቻ ነው የምትለቀው።»

«ዶሮውን የበላው ግራ ክንድሽ ብቻ ነው?» አልኳት። ሳቀች። ለቀቅኩላት።

ጥር 17

ሩጫውን ልይ ብዬ ከልጁ ጋር ወረድኩ። ዝግባ ባሕር ከከተማው በታች ጫካው ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው። ባሕር ይሉታል፣ ጎበዝ እረኛ ድንጋይ ቢወረውር ከዳር እዳር ያደርሳል። ዙሪያውን ግን ከብት የጠረገው ቀጭን መንገድ አለ። ከትልቁ ዝግባ ሥር ተነስቶ፣ ቄጠማውን ታክኮ፣ በወይራና በጥዱ መሐል ገብቶ፣ ጅረቷን በድንጋይ ይሻገርና ራሰ በራው ቋጥኝ ላይ ይወጣል። ከዚያ ቆላው እስከ አሊዩ አምባ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ከዚያ ደግሞ ቁልቁል ወደ ዝግባው። ጉም ሲነሣ ውኃው እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል። ከዛፉ ላይ ጉሬዛዎቹ ካባቸውን እንደ ለበሱ መሳፍንት ቁልቁል ያዩናል።

እኔም ልሮጥ ብዬ ቄጠማው ጋ ደርሼ ተቀመጥኩ። ልጁ ሦስት ጊዜ አለፈኝ። ማኅተሙ ጥሩ ይነበባል።

ጥር 22

ነገር መጣ። እንጨት ለቃሚ ሴቶች ልጁን በቁምጣ ሲሮጥ አይተውት ገበያው ሁሉ «የቄስ ገብረአብ ልጅ አበደ» ይላል። ቄሱ በትራቸውን አንሥተው ልጁን ሲፈልጉ ዋሉ። እኔ ባልደርስለት ሩጫውም ምልመላውም ዛሬውኑ አክትሞለት ነበር።

እና ምን አደረግኩ? ጠላ ሻጭዋ ቦሰና ጋ ሄድኩ። ቦሰና ጆሮዋ ሰፊ፣ አፏ ከጆሮዋ የሰፋ ናት። «ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ» አልኳት። «ልጁ ሆዱን ታሞ ነበር። ነጭ የለበሰ ሽማግሌ በሕልሙ መጥቶ፣ ዝግባ ባሕርን ታቦት ቤተ ክርስቲያን እንደሚዞር ሦስት ጊዜ ዙር፣ ከነሕመምህ አትመለስም አለው። ሩጫው ስለት ነው። ለሰው እንዳትነግሪ።»

ማሰሮዋን ሳትከድን ወጣች።

ብቻዬን እየሳቅኩ ሱቄ ገባሁ።

ጥር 29

ልጁ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሣለታል፤ እሱም የአባቱን በትር ፈርቶ ሕልሙን አላየሁም አይልም። ቄሱ በትሩን ጥለው «ልጄ በምሥጢር ይዞት ኖሯል» ይላሉ፤ አንገታቸው ረዘመ። ጉልበቱን የሚያመው ወልደ ሰንበት ባሕሩን ዞሮ ምርኩዙን ዝግባው ላይ ሰቅሎት መጣ። ማታ ሲያነክስ አየሁት። ምርኩዙን ግን ሄዶ ሊያወርድ አፈረ።

የካቲት 11፣ የሁዳዴ መያዣ

እታለም ሱቅ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ያ ሽማግሌ፣ ለልጄ የታየው፣ ምን ለብሶ ነበር አልክ?»

«ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላ» አልኳት። ጢሙን፣ መቋሚያውን፣ ሁሉን ጨማመርኩበት። ጥሩ ወጣልኝ።

አፍ አፌን ታየኝ ነበር። «ሙያህ አይጥፋ» ብላኝ ሄደች። ቀሚሷን ወገቡ ላይ እንዳጠብላት ትታልኛለች። ባለፈው ልቀቅ፣ ዛሬ አጥብብ። ሴት ልክ የላትም። ጾሙ ገና ዛሬ ነው የገባው፣ ከመቼው ከሳች?

የካቲት 20

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዘርአ ዳዊት ኮት ሊያሰፋ መጣ። ኮት አልነበረም የፈለገው። በሩን መለስ አደረገና፣

«እህትዎ እኔ ዘንድ መጥተው ነበር። ጡታቸው ላይ ያለው እንደ ድንጋይ ሆኗል። ብብታቸው ውስጥም ገብቷል። አሁኑኑ አዲስ አበባ ሄደው ቢቆረጥላቸው ተስፋ አለው። ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም» አለ።

«ታዲያ አልነገርካትም?»

«ነገርኳቸው። ስለት ገብቻለሁ፣ እስከ ፋሲካ ባሕሩን እዞራለሁ፣ ከዚያ በፊት የትም አልሄድም አሉኝ። እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ። እርስዎን ይሰማሉ።»

ኮቱን ለካሁት። ሁለት ጊዜ ለካሁት። ቁጥሩ አልያዘልኝም።

ባሕሩን እዞራለሁ አለች።

የካቲት 24፣ እሑድ

ሰንበቴው ላይ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ወገኖቼ፣ የባሕሩ ነገር ውሸት ነው። ሽማግሌም ሕልምም የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ወልደ ሰንበት ሳቁን ጀመረው፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ጀመረው ደግሞ!»

«በሥላሴ እምላለሁ!»

«የሰጎኑንም እንቁላል የግመል ነው ብለህ በሥላሴ ምለህልን ነበር» አለች ቦሰና። «አስታቅፈኸኝ ሰንብቻለሁ እኮ!» እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም፣ ይቅር በለኝ፣ ቦሰና ግመል ስትጠብቅ ትዝ አለኝና ከንፈሬ አመለጠኝ። ያን ጊዜ አለቀ። የሚስቅ ሰው ማን ያምነዋል?

ቄስ ገብረአብ ብቻ አልሳቁም። «ኃይለሚካኤል፣ በሁሉ ቀልድ፣ በስለት አትቀልድ» አሉኝ። እታለም ከሴቶቹ መሐል ሆና ዳቦ ትቆርስ ነበር። ቀና ሳትል፣ «ተወኝ ወንድሜ፣ ስፌትህን ስፋ» አለች።

የካቲት 30

ከቆላም ከደጋም ሰው ይመጣል። ዓይኑ የታመመ፣ ልጅ ያልወለደች፣ የሚጥለው። ቦሰና ዝግባው ሥር ጠላ መሸጥ ጀምራለች።

ሥራ በዝቷል፤ ለዑደቱ ነጭ ቀሚስ አስፊው ብዙ ነው። አንዱንም በቅጡ አልሰፋሁም።

መጋቢት 5

ዛሬም ዞረች። ዝናብ ነበር።

መጋቢት 12

ትናንት ቄስ ገብረአብን ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ ለብቻቸው ያዝኳቸው። ዘርአ ዳዊት ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጡቷን ማለት አፈርኩና «ደረቷን» አልኩ። ለካ ምንም አያውቁም ነበር። ግንቡን ተደገፉ።

«እሺ ሽማግሌው የአንተ ፈጠራ ይሁን» አሉ በኋላ። «እግዚአብሔር በውሸታም አፍ አይናገርም ያለህ ማን ነው? የበለዓምን አህያ አፍ ከፍቶ ያናገረ አምላክ አይደለም?»

«አባ፣ አህያዋ እኮ እውነቱን ነው የተናገረችው!»

መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። አዲስ አበባ ይዘዋት ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። ዛሬ ራሳቸው ጸበል ረጭተው ባሕሩን ባረኩት።

አህያ መባሌ አይደለም የከነከነኝ። እንደ አህያዋ ብታመን ደስ ባለኝ።

መጋቢት 20

ማለዳ ወርጄ ከወይራው ጀርባ ሆኜ አየኋት። ከዝግባው በታች በተጋደመው የዛፉ ሥር ላይ አረፍ ትልና ትነሣለች። እሷ አንዱን ዙር እስክትጨርስ ልጁ እየደጋገመ ያልፋታል። በመጣ ቁጥር ከኋላ ዳናውን ስትሰማ ትቆማለች፤ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ ታደርጋለች። እሱም ሳያቆም ትከሻዋን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ያልፋል። ቀኝ ትከሻዋን እንዲነካ መንገዱን የምትለቅለት በዚያ በኩል ነው። ግራውን ለምን እንደምትሸሽ ልጁ አያውቅም።

ልጁን ቋጥኙ ጋ አስቁሜው ነበር። ሩጫውን ተወው፣ አንተ ካልሮጥክ እሷም ትተዋለች ልለው።

«ጋሼ፣ እማዬን አየሃት?» አለኝ ቀድሞ፣ ትንፋሹ ሳይቆረጥ። «ተሽሏታል እኮ! ፊቷ ቀልቷል። ባሕሩ እውነት ሳይሆን አይቀርም።»

ትኩሳት ነው ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ሂድ ሩጥ፣ ላብህ እንዳይደርቅ» አልኩት።

መጋቢት 28

ቀሚሷን ዳግመኛ አጠበብኩት። የተቆረጠው ጨርቅ ለሕፃን ቀሚስ ይበቃል። ይህ ጨርቅ ድሮም ይለጠጥ ነበር። ጾምም ነው፣ ሁሉም ይከሳል።

ሚያዝያ 4፣ ስቅለት

ስግደቱ ላይ ወደቀች። ሴቶቹ «መንፈስ ነው» አሉ። ተሸክሜ ወደ ቤቷ ወሰድኳት። ድሮ እሷ ስታዝለኝ የከበድኳትን ያህል እንኳ አልከበደችኝም። ልጁ ከዲያቆናቱ ጋር ውስጥ ስለነበር አላየም። «እንዳትነግረው» አለችኝ ጀርባዬ ላይ ሆና። የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

ሚያዝያ 6፣ ፋሲካ

ሁሉ ሲፈስክ እሷን አንድ ጉርሻ አልዋጥ አላት። ቄሱ በየቤቱ ለቡራኬ ሲዞሩ፣ ልጁም ከጓደኞቹ ጋር ሲወጣ ሁለታችን ቀረን። ነገ የጭነት መኪናው ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣል፣ ለምኜ ቦታ ይዤልሻለሁ፣ ስለትሽም ዛሬ አለቀ አልኳት።

«ስለት አልነበረብኝም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ኃይሌ፣ አንተ ስትዋሽ ክር ትልሳለህ። መርፌው ክር እያለው ጫፉን አፍህ ትከተዋለህ። ልጅ ሆነህ ስኳር ሰርቀህ፣ አልሰረቅኩም ስትል የቀሚሴን ዘርፍ ትልስ ነበር። የሽማግሌውን ጥለት ስትነግረኝ አንድ ድውር ክር ጨርሰሃል።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «ታዲያ እያወቅሽ…»

«ዘርአ ዳዊት ከሁዳዴ በፊት ነው የነገረኝ። አዲስ አበባ ብሄድ ልጄ ይከተለኛል። አልጋዬ ሥር ተኝቶ የምልመላው ቀን ያልፈዋል። ከዚያ እዚሁ ወንበር ተሸክሞ ይቀራል። ቤት ደግሞ ብተኛ ይታወቅብኛል። አንተ ዙሩን ፈጠርክልኝ። ስዞር ማን ታማለች ይለኛል? ተሽሏታል ነው የሚሉት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ደግሞ በየዙሩ ያልፈኝ ነበር። ጡት ከጣለ ወዲህ ይህን ያህል አጠገቤ የደረሰበት ጊዜ የለም። ወንድ ልጅ እኮ ቤት ውስጥ እንግዳ ነው።»

እኔ ቀልድ ሰፋሁ፣ እሷ ለበሰችው። መግነዝ ይሁን ቀሚስ ያን ጊዜ አልለየሁትም።

«አሁን አንድ ነገር ታደርግልኛለህ» አለች። «ከዳግማ ትንሣኤ ማግስት ይሄዳል። ይጠይቅሃል። ተሽሏታል በለው። ግን ጥሩ አድርገህ ዋሽ። የክሩን ነገር ሕፃን ሳለ ነግሬዋለሁ፤ የጋሼህን ተረት እውነትነት በክሩ እወቀው እያልኩ። አፉን አይቶ ነው የሚያምንህ።»

የጭነት መኪናው ነገ ያለ እኛ ይሄዳል።

ሚያዝያ 14

ከኪሴ፣ ከኮሌታዬ፣ ከክንዴ ላይ ክር የሚባል ሁሉ አራግፌ ወጣሁ። ልጁ መኪናው ላይ ሊወጣ አንድ እግሩን አንሥቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ እማዬ ዛሬ አልጋዋ ላይ ሆና ነው የሳመችኝ።»

«ዳግማ ትንሣኤ ጠላ አብዝታ ነው። የቄስ ሚስት ትሰክራለች ተብሎ ይወራ?»

አልሳቀም። አፍ አፌን ያየኛል።

«ተሽሏታል አይደል?»

እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ያዝኩት። «ተሽሏታል» አልኩት። አፌ ባዶ ነበር።

አመነኝ። ጀርባዬን መታ አድርጎ ዘሎ ወጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

ሚያዝያ 18

የመኪናው ረዳት ወሬ ይዞ መጣ። ልጁ በብዙ ቀድሞ ገባ። መኮንኑ የቁምጣውን ማኅተም አንብቦ፣ «ይኼ እኮ ሲመጣም ተመዝኖ ነው የመጣው» ብሎ ሰው አስቋል። ቤት ሳይመለሱ በዚያው ወደ ሐረር ጫኗቸው።

ለእታለም ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቀች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። መሳቋ ነው።

ሚያዝያ 23

ደብረ ብርሃን አደረስናት። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ሸፈናትና እኔንና ቄሱን ወደ ውጭ ጠራን። ቢላዋ የሚደርስበት ጊዜ አልፏል አለ። ቄሱ «መቼ ነበር ጊዜው?» ብለው ጠየቁ። እኔ መልሱን ላለመስማት ወደ መንገዱ ሄድኩ።

ግንቦት 10

አትተኛም።

ግንቦት 19

ቄሱ ዳዊት ይደግማሉ። እኔ ቀልድ አወራላታለሁ። የሁለታችንም አያስታግሳትም። ዛሬ የግመሉን እንቁላል ደግመህ ንገረኝ አለች። ግማሽ ላይ አሸለበች። እስከ መጨረሻው ተረኩት።

ሰኔ 9

እታለም ዛሬ ጎህ ሳይቀድ አረፈች። መገነዣውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልኳን አልለካሁም።

ሰኔ 13

ቦሰና ለቅሶ ላይ፣ «ያች ሴት ስለቷ ሠምሮላት ነው የሞተች» ስትል ሰማኋት። «ለራሷ መስሎን እኮ ለልጇ ኖሯል የዞረችው። ያው ቀድሞ ገባላት!» ሴቶቹ ሁሉ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ነገ ደግሞ ስንቱ እናት ይዞራል። ብናገር ይስቃሉ።

ዘርአ ዳዊት በመንገድ ሲያገኘኝ ሰላምታ አይነፍገኝም። ቢነፍገኝ እወድ ነበር።

ሐምሌ 18

ዛሬ የእታለም አርባዋ ነበር። ልጁ ከሐረር ፈቃድ ተሰጥቶት ትናንት ማታ ደረሰ። ፀጉሩን ተላጭቷል፣ ወፍራም ጫማ አድርጓል። መሞቷን የሰማው ከተቀበረች ብዙ ቆይቶ ነው።

የተዝካሩ ሰው ሲበተን ተነሥቶ ወደ ጫካው ወረደ። ተከተልኩት። ክረምት ነው፤ ባሕሩ ሞልቶ ቄጠማውን ውጦታል፣ ጉሙ ከዝግባው ወገብ በላይ ይዞታል። ከነልብሱ፣ ከነጫማው ሮጠ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ይረጨው ነበር። እኔ እሷ ትቀመጥበት የነበረው የዝግባ ሥር ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ ነው። የወልደ ሰንበት ምርኩዝ አሁንም ከበላዬ ተሰቅሏል።

አንድ ዙር። ሳያየኝ አለፈ። ሁለት። ዳናው ከኋላዬ ሲመጣ ትከሻዬን ወደ መንገዱ አስጠጋሁ። አልነካኝም። በሦስተኛው መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ትንፋሹ ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል።

«ጋሼ።»

«አቤት ልጄ።»

«ያን ቀን መኪናው ጋ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

ከጫካው ውስጥ ጉሬዛ ጮኸ። እውነቱን ብነግረው፣ እሷ እያወቀች እንደ ሞተችለት ይሰማል። ዕድሜውን ሙሉ ይህን ተሸክሞ ይሮጣል። ደግሞ ያን ሽማግሌ ለምን ፈጠርክላት ይለኛል። የትኛውን ፈርቼ እንደሆነ አሁንም ስጽፈው አልለየሁትም።

«አላውቅም ነበር» አልኩት።

ዓይኑ ከዓይኔ ወረደና አፌ ላይ ቆመ። እዚያው ቆየ። ምን ያያል ብዬ እጄን ብሰድ፣ የጋቢዬ ዘርፍ ርሶ ከንፈሬ መሐል ነበር።

ዞረና እንደገና መሮጥ ጀመረ። እስኪመሽ ተቀምጬ ጠበቅኩት፤ ዳናውን ከውኃው ማዶ እሰማ ነበር። ወደ እኔ በኩል ግን አልመጣም። በማዶው የቋጥኝ መንገድ ወጥቶ ሄዷል።